ልጅ ሲያስቀምጠው ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተቅማጥ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይገባል። አንድም ቀን ሳያስቀምጠው ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ማግኘት ይከብዳል። አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ በሚደረግለት እንክብካቤ ብቻ በጥቂት ቀናት ይሻለዋል። ያም ሆኖ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ400,000 በላይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በተቅማጥ ይሞታሉ። ቤት ውስጥ የሚድን ሕመም ይህን ያህል ልጅ እንዴት ይገድላል?

ልጁን በአብዛኛው የሚጎዳው የሰገራው መቅጠን አይደለም። ከሰገራው ጋር የሚወጣው ውሃና ጨው ሳይተካ ሲቀር ነው የሚጎዳው። የብዙ ወላጅ ዓይን ግን ዳይፐሩ ላይ ነው። «ምን ብሰጠው ይቆምለታል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። መቅደም ያለበት ግን «የወጣውን እንዴት ልተካለት?» የሚለው ነበር። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚያ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ከመቆየት ነው።

«ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብሎ ማለፍ

በቅድሚያ ተቅማጥ የቱ እንደሆነ እንለይ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀጠነ ወይም ውሃ የመሰለ ሰገራ ከወጣው፣ ወይም ለዚያ ልጅ ከተለመደው በላይ ከተመላለሰ ተቅማጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለየውም እንዲህ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በጠባ ቁጥር ሊያስወጣ ይችላል። ሰገራው ቢጫ፣ ለስላሳና ፍርፍር ያለ ይሆናል። ደህና እየጠባና ክብደት እየጨመረ ከሆነ ይህ ጤነኛ ሰገራ ነው፤ ምንም አያስፈልገውም። ልብ ማለት ያለባችሁ ለውጡን ነው። ድንገት ውሃ ከሆነ፣ ከወትሮው ከበዛ፣ ንፍጥ ወይም ደም ከተቀላቀለበት ነገሩ ሌላ ነው።

ወደ ጥርሱ ስንመለስ፣ ጥርስ ማብቀል ድድ ያሳብጣል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ልጁን ያነጫንጫል። ውሃ የመሰለ ተቅማጥና ከፍተኛ ትኩሳት ግን አያመጣም። ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ምክንያት አለ። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜ ልጁ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ ከጡት ሌላ ምግብ የሚቀምስበት ነው። ከእናቱ ይዞት የተወለደው የመከላከል አቅምም የሚያልቀው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ ጀርም የሚያገኘው በዚያው ጊዜ ነው። በጥርስ እያሳበብን ስንጠብቅ የሚባክነው፣ ፈሳሽ መስጠት የነበረብን ጊዜ ነው።

«ሲጠጣ ይብስበታል» ብሎ ፈሳሽ መቀነስ

ይህን ስህተት ብዙ አሳቢ ወላጆች ይሠሩታል። ልጁ ይጠጣል፣ ወዲያው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ መጠጡን ብንቀንስ ተቅማጡም ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሆድ ውስጥ ምግብ ወይም መጠጥ ሲገባ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል። ያ እንቅስቃሴ ታች የተጠራቀመውን ይገፋዋል። የወጣው አሁን የጠጣው ሳይሆን ቀድሞም ሊወጣ የነበረው ነው።

ፈሳሹን ስንቀንስ ተቅማጡ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ግን የቀነሰው ልጁ ውስጥ የሚወጣ ውሃ ስለጠፋ ሊሆን ይችላል። ሕፃናት በዚህ ረገድ ከአዋቂ በጣም ይለያሉ። ሰውነታቸው ትንሽ ነው፤ ከክብደታቸው አንጻር በየቀኑ የሚገባና የሚወጣው ውሃ ግን ብዙ ነው። አዋቂ አንድ ቀን ሙሉ ችሎ የሚያሳልፈው ተቅማጥ ሕፃንን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያዝለው ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ መጀመር ያለበት ከመጀመሪያው ቀጭን ሰገራ ነው። «እስቲ ነገ እንየው» አይባልም።

ውሃ ብቻ፣ ወይም ጣፋጭ ነገር ማጠጣት

ፈሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱን የተረዳ ወላጅ በኋላ ሌላውን ሁሉ በራሱ ያስተካክላል።

በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም። ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉ ጨዎችም አብረው ይወጣሉ። ልጁ ብዙ ውሃ ብቻ ከጠጣ በደሙ ውስጥ የቀረው ጨው ይቀጥናል። ሶዲየም በጣም ሲወርድ ልጁ ይደክማል፣ ይፈዛል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጠዋል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አደጋው የበለጠ ነው። ትልልቆቹ ልጆች ከምግብና ከኦአርኤስ (በፓኬት ተሽጎ በውሃ ከሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት) ጋር ንጹህ ውሃ ቢጠጡ ችግር የለውም። ጉዳቱ ውሃውን ብቻውን መድኃኒት ስናደርገው ነው።

ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ጭማቂና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይጎዳሉ። ስኳራቸው ብዙ፣ ጨዋቸው ከቁጥር የማይገባ ነው። አንጀት ውስጥ የተከማቸ ስኳር ከሰውነት ውሃ ስቦ ወደ አንጀት ያስገባል። ልጁ እየጠጣ ተቅማጡ ይብስበታል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይሄ ነው። «ጋዙ ወጥቶለት ቢጠጣስ?» የሚሉም አሉ። ጋዙ ቢወጣም ስኳሩ እዚያው ነው። ለስፖርተኞች ተብለው የሚሸጡ መጠጦችም ላብ ለመተካት እንጂ ተቅማጥ ላለበት ሕፃን አልተሠሩም።

ታዲያ ኦአርኤስ ምን የተለየ ነገር አለው? የአንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስ የሚባለው ስኳርና ሶዲየም አብረው ሲደርሱ ብቻ የሚከፈት በር አለ በሉት። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ይህ በር ልጁ በኃይል እያስቀመጠው እንኳ መሥራቱን አያቆምም። ሚስጥሩ መጠኑ ላይ ነው። ስኳሩ ሲበዛ ውሃ ያስወጣል፣ ሲያንስ ሶዲየሙን አያስገባም።

የዚህ ነገር ታላቅ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ወቅት ወደ ሕንድ በተሰደዱ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት የሕፃናት ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀባቸው መጣ። ግሉኮስ፣ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ መዝነው በውሃ በጠበጡና የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረጉ። በመጠለያው ከመቶ ታማሚ ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሞት፣ ይህን በጠጡት ዘንድ ከመቶ ወደ 4 ገደማ ወረደ። ያጠጡት ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ እናቶች፣ አባቶችና ዘመዶች ነበሩ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ወላጅ «ግሉኮስ ካልተሰካለት አይድንም» ብሎ ያምናል። በማንኪያ የሚሰጠው ኦአርኤስ ግን ራሱን እስካልሳተና መዋጥ እስከቻለ ድረስ አብዛኛውን ልጅ ያድናል።

አሁን ያለው ኦአርኤስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የተሻሻለው ነው። ስኳሩም ጨውም ከድሮው ቀነስ ተደርጓል። የትውከትንና የሰገራን መጠን ስለሚቀንስ ለልጆች ይበልጥ ተስማሚ ሆኗል።

ግን አንድ ነገር አትጠብቁበት። ኦአርኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። «ሰጠሁት፣ አልሠራለትም» ተብሎ የሚጣለው ለዚህ ነው። ሥራው የልጁን ሰውነት እያረጠበ በሽታው ጊዜውን ጨርሶ እስኪሄድ ማቆየት ነው። ልጁ እያስቀመጠውም ነቃ ብሎ የሚጫወት፣ ሽንቱን የሚሸና ከሆነ ኦአርኤሱ እየሠራ ነው።

ኦአርኤሱን በግምት መበጥበጥ

ትንሽ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ አድርጎ መስጠት የተለመደ ነው። አደገኛም ነው። ፓኬቱ የተመጠነው ለተወሰነ ውሃ ነው። አንዳንዱ ለ1 ሊትር፣ ሌላው ለግማሽ ሊትር፣ ሌላው ደግሞ ለ200 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ። ውሃው ሲያንስ ጨው ይበዛል፤ የበዛ ጨው የሕፃንን አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ውሃው ሲበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል።

አንድ ሙሉ ፓኬት በአንድ ጊዜ በልኩ ውሃ ይበጠበጣል። ግማሹን ለነገ ማስቀመጥ የለም። ውሃው ንጹህ ይሁን፤ ካጠራጠራችሁ አስቀድማችሁ አፍሉትና አቀዝቅዙት። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም። ስኳር፣ ወተት ወይም ጭማቂ አይጨመርበትም። ተከድኖ ይቀመጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል።

ሌሊት ሆኖ ፓኬት ጨርሶ ካልተገኘስ? በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በደንብ አሟሙታችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ልሙጥ ማለት አናቱ በቢላ ተስተካክሎ ማለት ነው። ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ካለው ድፉት። ፖታሲየም ስለሌለው የፓኬቱን ያህል አይደለም። ሲነጋ ፓኬቱን ፈልጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጅ ያለበት ቤት ሁለት ሦስት ፓኬት አስቀድሞ መያዙ ነው።

አስመለሰው ብሎ መተው

ልጁ ጠምቶታል። ብርጭቆውን ሲሰጡት ጭልጥ አድርጎ ይጠጣል። ከዚያ ሁሉንም ያስመልሰዋል። ወላጅም «ሆዱ አልቀበለውም» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የተሰጠበት ፍጥነት ነው። የታመመ ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሞላ ይመልሳል፤ ትንሽ ትንሽ ሲገባለት ግን ይይዛል።

ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በየአንድ ሁለት ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ስጡት። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ማለት በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ሕፃን ይህ ብዙ ፈሳሽ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እጅ ያዝላል። እናትና አባት፣ ወይም ሌላ የቤት ሰው ቢፈራረቁ ይቀላል። ቢያስመልሰውም ከጠጣው የተወሰነው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ልፋታችሁ ከንቱ አይደለም።

ምን ያህል ይጠጣ? ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ይህ ገና ውሃው ላልጎደለበት ልጅ ነው። ውሃ ያጠረው ልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ ነው፤ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር በአራት ሰዓት ውስጥ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህን ግን ጤና ባለሙያ እያየው ቢሆን ይመረጣል።

ጡጦ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል፤ ልጁም ቶሎ ስለሚስበው ያስመልሰዋል። ኩባያና ማንኪያ ይሻላሉ። «አልጠጣም» ብሎ የሚያስቸግር ልጅ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር አስቡ። ንቁና የሚጫወት ከሆነ ምናልባት አልጠማው ይሆናል፤ ውሃ ያጠረው ልጅ ጣዕሙን አይመርጥም። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ሞክሩለት። ፈዞና ደክሞ እምቢ ካለ ግን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት መስጠት

አዋቂ ጉዞ ላይ ሲሆን የሚውጠው ሎፐራማይድ አለ። የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ለትንሽ ልጅ ፈጽሞ አትስጡት። የሕፃን አንጀት ጭራሽ ሊቆምና ሆዱ ሊነፋ ይችላል፤ ልጁ ሊፈዝ፣ አተነፋፈሱም ሊዳከም ይችላል። አንጀቱ ሊያወጣው የሚታገለውን ጀርምና መርዝም ውስጥ ያስቀራል። ተቅማጡ የቆመ ይመስላል፤ ፈሳሹ ግን አንጀት ውስጥ ተጠራቅሟል። ለልጁ የጠፋ ውሃ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ የማይታይ።

አንቲባዮቲክ ደግሞ ሌላው ነው። ባለፈው ከታዘዘለት የተረፈ ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ወይም የታላቁ ካፕሱል ይከፈላል። ይህ መቅረት አለበት። በትንንሽ ልጆች ላይ አብዛኛው ተቅማጥ የሚመጣው እንደ ሮታና ኖሮ ካሉ ቫይረሶች ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። እንዲያውም በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚያጠፋ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ኮሌራ ሲጠረጠር ለምሳሌ። ግን ደም ያለበት ተቅማጥ ሁሉም አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ አንዳንዱን ጭራሽ ያባብሰዋል። ውሳኔው የሐኪም ነው። ልጁ ለጆሮ ወይም ለጉሮሮ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ እየወሰደ ሳለ ካስቀመጠው ደግሞ በራሳችሁ አታቋርጡት። ያዘዘውን ሰው ጠይቁ።

ማስታወክን የሚያቆም መድኃኒትም በግል ውሳኔ የሚገዛ አይደለም። አንዳንዱ፣ ሜቶክሎፕራማይድን የመሰለው፣ በልጆች ላይ አንገትና ፊት የሚያጣምም የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል። የሚያይ ወላጅ በጣም ይደነግጣል።

የሚሰጥ ነገር ቢኖር ዚንክ ነው። ዕድሜው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም፣ ለ10 እስከ 14 ቀናት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከኦአርኤስ ጋር አብሮ እንዲሰጥ ይመክራሉ። የተቅማጡን ቀናትና ክብደት ይቀንሳል፤ ቀጥለው ባሉት ሁለት ሦስት ወራትም ተቅማጥ ቶሎ እንዳይመለስ ያግዛል። እንክብሉ በማንኪያ በንጹህ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። እዚህ ያለው ስህተት ማቋረጥ ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ዚንኩም ይረሳል። የኋለኛው ጥቅም የሚገኘው ግን የተባሉትን ቀናት በሙሉ ሲጨርስ ነው።

ጡትና ምግብ መከልከል

ጡት አይቆምም። ነጥብ። የእናት ወተት ፈሳሽም ነው፣ ምግብም ነው፣ የመከላከያ ንጥረ ነገርም አለው። «ወተቷ ሆዱን አበላሸው» የሚል ምክር ከየትም ይምጣ ከማን አትቀበሉት። ቶሎ ቶሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አጥቡት። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ኦአርኤሱ የሚሰጠው ከጡቱ ጋር ነው፤ በጡቱ ምትክ አይደለም።

የዱቄት ወተት የሚጠቀም ሕፃን ካለ እንደ ወትሮው በልኩ ይበጥበጥለት። ማቅጠን አያስፈልግም፤ ምግቡን ብቻ ይቀንስበታል። ከባድ ተቅማጥ ካለፈ በኋላ አንዳንድ ልጆች ለጊዜው የወተት ስኳር መፍጨት ሊያቅታቸው ይችላል። ግን ይህን ገምታችሁ ወተት አትቀይሩ፤ ሐኪም ይይላችሁ።

ምግብ ለሚበላ ልጅ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ፖምና ዳቦ ብቻ የሚል የቆየ ምክር አለ። እነዚህ ክፋት የለባቸውም። ብቻቸውን ግን በቂ ፕሮቲንና ስብ የላቸውም፤ የተጎዳው አንጀት ደግሞ ራሱን የሚጠግነው በእነዚህ ነው። ልጁ የለመደውን ምግብ ይብላ፤ ድንች፣ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ፣ እርጎ፣ ገንፎ ላይ ጠብ የተደረገ ዘይት። በየሦስት አራት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስጡት። አታስገድዱት፤ ፍላጎቱ ውሃው ሲመለስለት አብሮ ይመለሳል። በጣም ጣፋጭና በዘይት የተጠበሰ ነገር ይቆይለት።

አደገኛ ምልክቶችን በዳይፐር ብዛት ብቻ መለካት

«ስንት ጊዜ አስቀመጠው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አይበቃም። አሥር ጊዜ አስቀምጦት በደንብ እየጠጣ የሚጫወት ልጅ አለ። አራት ጊዜ ብቻ አስቀምጦት የዛለ ልጅም አለ። ልጁን ራሱን እዩት።

ዓይኑ ገባ ብሏል? ሲያለቅስ እንባ አለው? አፉና ምላሱ ደርቀዋል? እርግብግቢቱ ሰርጉዷል? ያለ ምክንያት ይነጫነጫል? መጠጡን በስስት እየተንሰፈሰፈ ይቀበላል? የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው መመለስ አለበት። ዘግየት ካለ ውሃ አጥሮታል። ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ እጥረቱ ከባድ ነው፤ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ይህ ምርመራ በጣም ወፍራም ወይም በጣም ከሲታ ልጅ ላይ ሊያሳስት ስለሚችል ከሌሎቹ ጋር አብራችሁ ተመልከቱት።

ስለ ሽንት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውሃ የሆነ ሰገራ ዳይፐሩን ሲያርሰው ሽንት ይመስላል። ወላጅም «ሽንቱን ሸንቷል» ብሎ ይረጋጋል። ከፊት በኩል ንጹህ ጨርቅ ወይም ጥጥ አድርጋችሁ ብታዩ ይለያል። ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሽንት ካላያችሁ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

የሚከተሉት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን የማይቆዩ ናቸው። ሰገራው ውስጥ ደም፣ አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋ ሆድ፣ መንቀጥቀጥ፣ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የገባውን ሁሉ ማስመለስ፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር መፍዘዝ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለው ሌላ ምልክት አይጠበቅም። እንዲሁም ድንገት እየጮኸ እግሩን ወደ ሆዱ የሚሰበስብ፣ ከዚያ ጸጥ የሚል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና የሚጮህ ሕፃን ካለ አንጀት ወደ አንጀት ገብቶ ሊሆን ይችላል። በኋላ ሰገራው ቀይ ጄሊ ይመስላል። ያ እስኪመጣ አትጠብቁ።

መንገድ ላይ መዋጥ የሚችል ከሆነ ኦአርኤሱን በማንኪያ እየሰጣችሁት ሂዱ። ሐኪም ጋ ስትደርሱ መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሸና፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ብትናገሩ ሥራቸው ይፈጥናል።

«የልጅ ካካ ምን አለው?» ማለት

የሕፃን ሰገራ ከአዋቂ ሰገራ የበለጠ ንጹህ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ሰገራ ግን በጣም ተላላፊ ነው፤ ጥቂት የቫይረስ ቅንጣት ወንድም እህቱን ለማሳመም ይበቃል። ዳይፐር በቀየራችሁ ቁጥር፣ ምግብ ከመሥራታችሁና ከማብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የእጅ ማጽጃ አልኮል ብቻውን ኖሮ ቫይረስን በደንብ አይገድልም፤ ሳሙናና ውሃ ይሻላል። የልጁንም እጅ አትርሱ። ሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነ ተቅማጡ ካቆመ 48 ሰዓት እስኪሞላው ቤት ይቆይ። መዋኛ ገንዳ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይቅርበት።

መቀመጫው ከተቃጠለ በለብ ያለ ውሃ እያጠባችሁ፣ ሳትፈትጉ በጨርቅ እየጠቀጠቃችሁ አድርቁት። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። ትንሽ አየር ያግኝ።

ክትባቱን ማዘግየት

የሮታ ቫይረስ ክትባት በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ሲሆን ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል። የተከተበ ልጅም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሆስፒታል የሚያስገባ ከባድ ተቅማጥ ግን በእጅጉ ይቀንስለታል። «አንዴ ሮታ ይዞታል፣ አያስፈልገውም» አይባልም፤ ሮታ ደጋግሞ ይይዛል።

ሲሻለው ሁሉን ነገር ማቆም

ተቅማጡ ሲቆም ቤቱ እፎይ ይላል። ልጁ ግን ገና ነው፤ ክብደት ቀንሷል፣ አንጀቱም ጨርሶ አላገገመም። ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ስጡት። ዚንኩን አስጨርሱት። ትኩሳቱና ትውከቱ ቀድመው ሲቆሙ ሰገራው ደግሞ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። አምስት እስከ ሰባት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ አትደንግጡ። እየቀነሰ ካልሄደ ግን ሳምንቱን ሳትጠብቁ አሳዩት። 14 ቀን ከሞላው ደግሞ ልጁ ደህና ቢመስልም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በዚህን ያህል ጊዜ ምግቡ ከሰውነቱ ጋር አይዋሐድም፣ ክብደቱም በዝምታ ይወርዳል። ስትሄዱ የክብደቱን መከታተያ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ።